የመጋዘን ቡችላ በደጅ መጸዳዳትን እንዴት ይማራል?

ነጋዴ ሀብቱን ከሚያስጠብቅባቸው መንገዶች አንዱ ውሻ ማሳደግ መሆኑ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። ቁልፍ ይሰበራል፤ ዘበኛም ሌሊቱ ሲረዝም እንቅልፍ ያሸንፈዋል፤ ደኅና ውሻ ግን የማያውቀውን ኮቴ በሰማ ጊዜ ዝም አይልም። አባቶች «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ማለታቸውም ከዚሁ የተነሣ ነው። ስለዚህ በአዲስ አበባ መርካቶም ሆነ በሌሎች የንግድ ከተሞች ብዙ ባለሱቅና ባለመጋዘን ገና ጡት የተወ ቡችላ አምጥቶ፥ አድጎ ንብረቱን እንዲጠብቅለት ተስፋ ያደርጋል።

ነገር ግን ተስፋው ከመፈጸሙ በፊት አንድ ችግር ይመጣል። ቡችላው ሌባ ላይ ለመጮኽ ከመድረሱ አስቀድሞ መጋዘኑን ያቆሽሻል። ለምሳሌ ያህል፥ አንድ የቡናና የእህል ነጋዴ የሁለት ወር ተኩል ቡችላ አግኝቶ፥ ማታ በ12 ሰዓት ከጆንያዎቹ ጋራ ቆልፎበት ቢሄድ፥ ጠዋት በ2 ሰዓት በሩን ሲከፍት ምን እንደሚያገኝ ለመገመት አያዳግትም። የታችኛው ረድፍ ጆንያ ርሷል፤ ወለሉ ሸቷል፤ ቡችላው ግን ጭራውን እየቆላ ሊቀበለው ይሮጣል። ነጋዴውም ተቆጥቶ የቡችላውን አፍንጫ ከርጥበቱ ላይ ያሻል፤ በአርጩሜም መትቶ ያስወጣዋል። በማግሥቱ ያው ይደገማል። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ቡችላው የቁልፉን ድምፅ በሰማ ቁጥር ከጆንያ ኋላ መደበቅን ይለምዳል፤ በቤት ውስጥ መሽናቱን ግን አይተውም። በመጨረሻም «ይህስ የማይረባ ነው» ተብሎ ወደ መንገድ ይባረራል።

በዚህ አኳኋን ነጋዴው ዕቃውንም ውሻውንም ያጣል፤ ከተማውም አንድ ባለቤት አልባ ውሻ ይጨመርበታል። ይህ ሁሉ የሚደርሰው ግን ቡችላው ክፉ ስለሆነ አይደለም። የተጠየቀው ነገር ለዕድሜው የማይቻል ነበር፤ ምን እንደተጠየቀም ያስረዳው አልነበረም።

የጉዳቱ መጠን

ጥሬ ቡና ርጥበትንና ሽታን በቀላሉ የሚስብ መሆኑን ላኪዎች ሁሉ ያውቁታል። በ60 ኪሎ ጆንያ ተሞልቶ ለውጭ ገበያ የተዘጋጀ ቡና ከታች ርሶ ቢገኝ፥ ጉዳቱ በዚያው ጆንያ ብቻ አይወሰንም። ከጭነቱ መካከል የተወሰደው ናሙና በቀማሾች ዘንድ ባዕድ ጣዕም ያሳየ እንደሆነ፥ ጥርጣሬው በጭነቱ ሁሉ ላይ ይወድቃል። ዱቄት፥ ስኳርና ጨው ደግሞ በውሻ ሽንት ወይም በዓይነ ምድር ከተነኩ ለሰው ምግብ ሊሸጡ አይገባም። በጣቃ የተጠቀለለ ጨርቅም ቢታጠብ እንኳ እንደ አዲስ ዕቃ አይሸጥም።

ከዕቃው ጉዳት በላይ የጤና ነገር አለ። ብዙ ቡችሎች የሆድ ትል ይዘው ይወለዳሉ፤ የትሉም እንቁላል ከዓይነ ምድራቸው ጋራ ወጥቶ በተለይ መሬት ለመሬት በሚጫወቱ ሕፃናት ላይ በሽታ ያመጣል። በውሻና በአይጥ ሽንት የሚተላለፍ ሌፕቶስፓይሮሲስ የሚባል ሕመምም አለ። እንዲሁም በእምነቱ ወይም በልማዱ ምክንያት ውሻ ከነካው ምግብ የሚጸየፍ ደንበኛ ብዙ ነው። ስለዚህ የሚበላ ነገር በሚመዘንበትና ደንበኛ በሚስተናገድበት ክፍል ውስጥ ውሻ፥ የተማረም ቢሆን፥ ባይገባ ይመረጣል።

የዕድሜና የሰዓት ሒሳብ

ቡችላ በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ገደማ እናቱ እየላሰች ካላነቃቃችው በቀር በራሱ መሽናት እንኳ አይችልም። ከዚያ በኋላ ግን በእግሩ መቆም ሲጀምር ከመኝታው ጥቂት ራቅ ብሎ መጸዳዳት ተፈጥሮው ነው። ይህ የተፈጥሮ ዝንባሌ ለትምህርቱ ሁሉ መሠረት ይሆናል። በአሜሪካ በሜይን ግዛት በባር ሃርበር በሚገኘው የጃክሰን ላቦራቶሪ የቡችሎችን አስተዳደግ ለብዙ ዓመታት የመረመሩት ጆን ፖል ስኮትና ጆን ፉለር እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተሙት መጽሐፍ እንደገለጹት፥ በቡችላ ሕይወት የመጀመሪያዎቹ ሳምንታትና ወራት ለኋለኛው ጠባዩ ከፍ ያለ ውጤት አላቸው። ስለዚህ ትምህርቱ ቡችላው በመጣበት ዕለት መጀመር አለበት። «ሲያድግ ይተወዋል» ብሎ የሚጠብቅ ሰው ልማዱ ከሥር እንዲሰድ ጊዜ ይሰጠዋል።

ይሁን እንጂ ልማድን ማስተማርና ከአቅም በላይ መጠየቅ የተለያዩ ናቸው። ውሻ አሳዳጊዎች በተለምዶ የሚጠቀሙበት ግምት እንደሚለው፥ ቡችላ በቀን ሽንቱን መያዝ የሚችለው የዕድሜውን ወር ያህል ሰዓት፥ ቢበዛም አንድ ሰዓት ተጨምሮበት ነው። የሁለት ወር ተኩል ቡችላ እንግዲህ ከሦስት ሰዓት ተኩል አያልፍም። ተኝቶ ሳለ ጥቂት ሊረዝም ይችላል። ከላይ የተጠቀሰው ነጋዴ ግን ከማታው 12 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት፥ ማለትም 14 ሰዓት ሙሉ ቆልፎበታል። ሦስት ኪሎ በሚይዝ ከረጢት ውስጥ 14 ኪሎ ስኳር ጨምሮ፥ በፈሰሰ ጊዜ ከረጢቱን መምታት ማለት ይህ ነው።

ምግብ በሰዓቱ፥ መውጫም በሰዓቱ

ቡችላ መቼ እንደሚጸዳዳ አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል። ከእንቅልፉ ሲነቃ ወዲያው፥ ከበላ በኋላ ከአምስት እስከ ሠላሳ ደቂቃ ባለው ጊዜ፥ ውኃ ከጠጣና ሲጫወት ከቆየ በኋላ መውጣት ያስፈልገዋል። ከእነዚህም ሌላ ቀን በየሁለት ሰዓቱ ማውጣት ይገባል። ወለሉን እያሸተተ የሚዞር፥ ጨዋታውን በድንገት ትቶ ወደ ጥግ የሚሄድ ወይም በሩ አጠገብ የሚቁነጠነጥ ቡችላ ሳይዘገይ መውጣት አለበት። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው ለዚህም ይሠራል።

በሱቅና በመጋዘን ዋናው እንቅፋት የምግቡ ሥርዓት ማጣት ነው። የሱቁ ሠራተኛ ከቁርሱ ይቆርስለታል፤ ጭነት አውራጁ ትራፊ ይጥልለታል፤ ዘበኛው ማታ አጥንት ይሰጠዋል። ቀኑን ሙሉ የሚበላ ቡችላ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ይጸዳዳል፤ ሰዓቱንም ማንም ሊያውቀው አይችልም። ስለዚህ እስከ አራት ወር ገደማ በቀን ሦስት ጊዜ፥ ለምሳሌ ጠዋት በ1 ሰዓት፥ ቀን በ6 ሰዓትና ማታ በ11 ሰዓት፥ አንድ ሰው ብቻ ይመግበው። ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ ወደ ሁለት ጊዜ ሊወርድ ይችላል። ውኃ ግን ቀኑን ሙሉ ከፊቱ አይታጣ። ከመኝታው አንድ ሰዓት ያህል አስቀድሞ ሳህኑን ማንሣት ይቻላል፤ ሙቀት በበረታበት ቆላ አገር ግን ይህ አይመከርም።

የቦታው ምርጫና የጆንያው ነገር

መጸዳጃው በግቢው ውስጥ አንድ የተወሰነ ጥግ ይሁን። ቡችላው በተወሰደ ቁጥር በዚያው በር ይውጣ፥ ወደዚያው ጥግ ይሂድ፤ የቀድሞው ሽታም ሥራውን ያስታውሰዋል። ክትባቱን ያልጨረሰ ቡችላ ሌሎች ውሾች ወደሚመላለሱበት መንገድ ባይወሰድ ይሻላል።

ለነጋዴ ልዩ ትኩረት የሚያሻው ነገር ቡችላ በእግሩ የሚረግጠውን የሚለምድ መሆኑ ነው። ስምንትና ዘጠኝ ሳምንት በሚሞላው ጊዜ አካባቢ የተጸዳዳበት ዓይነት መሬት፥ ሣር ቢሆን ሣር፥ አሸዋ ቢሆን አሸዋ፥ ከአእምሮው ይቀረጻል። በአሮጌ ጆንያ ላይ ተወልዶ በዚያው ሲጸዳዳ የቆየ ቡችላ እንግዲህ በመጋዘን ውስጥ የተደረደረ ጆንያ ሲያገኝ የተለመደ መጸዳጃውን እንዳገኘ ይቆጥረዋል። እንዲሁም ወለል ለመጥረግ የሚነሰነሰው ሰጋቱራና በጥግ የተከመረው ባዶ ካርቶን ይጋብዘዋል። ስለዚህ ዕቃው ጆንያ በሆነበት ቤት ለመኝታው ጆንያ ማንጠፍ አይገባም፤ የሚታጠብ ምንጣፍ ወይም አሮጌ ብርድ ልብስ ይሰጠው። ሰጋቱራ ከተነሰነሰ ወዲያው ይጠረግ። የዕቃው ድርድር ከወለሉ ከፍ ባለ የእንጨት ርብራብ ላይ ሆኖ ከግድግዳም ራቅ ቢል፥ ከውሻ ብቻ ሳይሆን ከርጥበትና ከአይጥም ይጠበቃል።

ቡችላ ዱቤ አያውቅም

ሩሲያዊው ሊቅ ኢቫን ፓቭሎቭ ስለ ምግብ መፈጨት ባደረገው ምርምር እ.ኤ.አ. በ1904 የኖቤል ሽልማት ያገኘ ሰው ነው። በውሾች ምራቅ ላይ ባደረገው ጥናት፥ ውሻ አንድን ምልክት ተከታትሎት ከሚመጣው ነገር ጋራ እንደሚያያይዝ አሳይቷል። ማያያዙ የሚጸናው ግን ሁለቱ ነገሮች በጊዜ የተቀራረቡ ሲሆኑ ነው።

ይህ ለመጋዘኑ ጉዳይ ከፍ ያለ ትርጉም አለው። ቡችላው በሌሊት በ7 ሰዓት የሸናውን ጌታው ጠዋት በ2 ሰዓት ቢቀጣው፥ በመካከሉ ሰባት ሰዓት አልፏል። ቡችላው ቅጣቱን የሚያያይዘው በዚያች ደቂቃ ካለው ነገር፥ ማለትም ከጌታው መምጣትና ከቁልፉ ድምፅ ጋራ ነው። ጆሮውን ጥሎ የሚሽቆጠቆጠውም ጥፋቱን አምኖ ሳይሆን የጌታውን ፊት ፈርቶ ነው። በሸና ቁጥር የሚመታ ቡችላ የሚማረው ቢኖር ሰው ፊት አለመሽናትን ነው፤ በደጅ ይዘውት ሲቆሙ ሽንቱን ይይዛል፥ ወደ ቤት ሲመለስም ተደብቆ ይለቀዋል። ከሁሉም የሚከፋው፥ በዱላ ያደገ ውሻ ፈሪ መሆኑ ነው። ፈሪ ውሻ ወይ ከሌባ ይሸሻል፥ ወይም ያለ ምክንያት ደንበኛን ይነክሳል። ነጋዴው እንግዲህ ስለ አንድ ጆንያ ተቆጥቶ ጠባቂውን በገዛ እጁ ያጠፋል።

ሽልማትም እንደ ቅጣት በሰዓቱ መሆን አለበት። ቡችላው በተመደበለት ጥግ ሲጨርስ፥ እዚያው ሳለ፥ በለሰለሰ ድምፅ ይመስገን፤ ቁራሽ ዳቦ ወይም ቁራጭ ሥጋ ይሰጠው። ወደ ቤት ከተመለሰ በኋላ የሚሰጠው ቁራሽ ስለ መመለሱ የተከፈለ ይመስለዋል። ቡችላ ዱቤ አያውቅም፤ ሒሳቡ ሁሉ በእጅ በእጅ ነው።

በቤት ውስጥ ሲጀምር በዐይን የተያዘ እንደሆነ፥ እጅ በማጨብጨብ ወይም «ና!» በማለት ማቋረጥና ይዞ ወደ ደጅ መሮጥ ይበቃል። በደጅ ከጨረሰም ይመስገን። ካልታየ ግን ምንም ሳይሉ ማጽዳት ነው። ጥፋት ካለ፥ ሳይጠብቀው የቀረው ሰው ጥፋት ነው።

የፈሰሰውን ማጽዳት

የውሻ ማሽተት ከሰው በብዙ እጥፍ የበረታ ስለሆነ፥ ለሰው የጸዳ የሚመስለው ወለል ለውሻ ገና መጸዳጃ ነው። በተለይ ያልተለሰነ ሲሚንቶና እንጨት ሽንትን ወደ ውስጥ ይስባሉ። ርጥበቱን አስቀድሞ በጨርቅ ወይም በጋዜጣ ማድረቅ፥ ከዚያ በሳሙናና ለብ ባለ ውኃ ማጠብና በንጹሕ ውኃ ማለቅለቅ፥ በመጨረሻም ኮምጣጤና ውኃን እኩል ቀላቅሎ ወለሉን ማበስ ይገባል። ልዩ የሽንት ሽታ ማጥፊያ የሚገኝ ከሆነ የበለጠ ይሠራል።

ሁለት ነገሮች ግን መጠንቀቅ ያሻቸዋል። አንደኛ፥ አሞኒያ ያለበት ማጽጃ ከሽንት ሽታ ጋራ ስለሚመሳሰል ቡችላውን ወደዚያው ቦታ ሊመልሰው ይችላል። ሁለተኛ፥ በረኪናን በሽንት ላይ ማፍሰስ አደገኛ ነው። ከሽንት የሚወጣው አሞኒያ ከበረኪና ጋራ ሲዋሐድ ዐይንንና ሳንባን የሚጎዳ ጋዝ ይሰጣል፤ በተዘጋ መጋዘን ውስጥ ደግሞ አደጋው ይበረታል። በረኪናን ከኮምጣጤ ጋራ መቀላቀልም እንዲሁ የተከለከለ ነው። ውሻውን ለማራቅ በርበሬ መነስነስም እንስሳውን ከማሠቃየትና ዕቃውን ከማበላሸት በቀር ልማዱን አያስተውም።

ሌሊቱ፥ ዘበኛውና መዝገቡ

ከዚህ በላይ የተባለው ሁሉ የሚጸናው ሌሊቱ ሥርዓት ሲይዝ ነው። ቡችላው እስኪጠነክር ድረስ በመጋዘን ውስጥ መቆለፉ ይቅር። በዘበኛው ጎጆ አጠገብ፥ ብርድና ጅብ የማያስገባ ደኅና የእንጨት ቤት ይሠራለት፤ ስፋቱም ተዘርግቶ ለመተኛትና ለመዞር የሚበቃ ይሁን። በጣም ሰፊ ከሆነ ግማሹን መኝታ፥ ግማሹን መጸዳጃ ያደርገዋል። ዘበኛው ነቅቶ የሚያድር ስለሆነ በሌሊቱ 3 ሰዓት፥ በ7 ሰዓትና በ11 ሰዓት ወደ ጥጉ ሊወስደው ይችላል። ለዚህ ተጨማሪ ሥራ ጥቂት ማበረታቻ ቢቆረጥለት፥ ወጪው ከአንድ የተበላሸ ጆንያ ዋጋ ያነሰ ይሆናል። ዕድሜው በጨመረ መጠን መጀመሪያ የ3 ሰዓቱን ጥቂት በጥቂት ወደ እኩለ ሌሊት ማቅረብ፥ ቀጥሎም ከሦስቱ ወደ ሁለት፥ ከሁለቱም ወደ አንድ ማሳነስ ይቻላል።

ጌታው፥ የሱቁ ሠራተኛና ዘበኛው በአንድ ቃል መስማማት አለባቸው። ሲያወጡት አንዱ «ውጣ»፥ ሌላው «ሂድ»፥ ሦስተኛው ደግሞ ዝም ቢል ቡችላው ይደናገራል። በበሩ ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፎ፥ የበላበት፥ የወጣበት፥ በደጅ የተጸዳዳበትና በቤት ውስጥ ያመለጠው ሰዓት ቢጻፍበት፥ ከአንድ ሳምንት በኋላ ነጋዴው እንደ ገቢና ወጪ መዝገብ ሊያነበው ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚያመልጠው በ9 ሰዓት ከሆነ፥ በ8 ሰዓት ተኩል የሚያወጣው ሰው መመደብ ብቻ ይበቃል።

ግቢ የሌለው፥ በሩ ወደ መንገድ የሚከፈት፥ ሌሊትም ሰው የማያድርበት ሱቅ ግን ለቡችላ ማሳደጊያ አይመችም። የዚህ ዓይነት ባለሱቅ ቡችላውን በመኖሪያ ቤቱ አሳድጎ ሲጠነክር ቢያመጣው ይሻላል።

ሐኪም የሚያሻበት ጊዜ

ሁሉም መፍሰስ ከትምህርት ጉድለት አይመጣም። ቶሎ ቶሎ ጥቂት ጥቂት የሚሸና፥ ሲሸና የሚያምጥ፥ ሽንቱ ደም ያለበት ወይም ከልክ በላይ የሚጠማው ቡችላ ወደ እንስሳት ሐኪም መወሰድ አለበት። ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ሲታይ አንድ ቀን እንኳ ማሳደር አይገባም። እንግዳ ሲመጣ ወይም ሲቆጡት መሬት ላይ ተኝቶ የሚያመልጠው ቡችላ ደግሞ በፍርሃት ወይም በደስታ ብዛት ነው፤ ቁጣ ያብሰዋል፥ እርጋታ ያድነዋል። ተባዕት ውሻ ከስድስት ወር ገደማ ጀምሮ እግሩን አንሥቶ በየማዕዘኑ ጥቂት ጥቂት ቢረጭ፥ ይህ ወሰን ማመልከቱ ነው፤ ማስኮላሸት በአብዛኛው ይቀንሰዋል።

የትል መድኃኒት ከሁለት ሳምንት ዕድሜ ጀምሮ እስከ ሦስት ወር በየሁለት ሳምንቱ፥ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት ደግሞ በሦስተኛው ወር ይሰጣል፤ ከዚያም ሐኪሙ ባዘዘው ጊዜ ይደገማል። ይህን ያላደረገ ነጋዴ ለሀብቱ ጠባቂ፥ ለሠራተኞቹና ለደንበኞቹ ግን አደጋ አስገብቷል።

ብዙዎቹ ቡችሎች ከአራት እስከ ስድስት ወር ባለው ዕድሜ ልማዱን ይይዛሉ፤ አንዳንዶቹም እስከ አንድ ዓመት ይቆያሉ። በመካከሉ አንድ ሁለት ቀን ወደ ኋላ ቢመለሱ ትምህርቱ ጠፋ ማለት አይደለም፤ የመጀመሪያውን የሰዓት ሥርዓት ለሳምንት ያህል መመለስ ይበቃል። ጸንቶ አራት ሳምንት ያህል ምንም ያላመለጠው ውሻ መጀመሪያ ለአንድ ሰዓት፥ ቀጥሎ ለሁለት፥ እያለ በመጋዘኑ ውስጥ ብቻውን ሊተው ይችላል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንደተባለ፥ ለጥቂት ወራት በየሁለት ሰዓቱ በር የከፈተ ነጋዴ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በሩን በእምነት ይዘጋል።